«ቡድኑን ወደኋላ እጎትታለሁ» ላልሽኝ እህቴ

«ሰላም ላንቺ ይሁን። ወንድሜ፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቹና እኔ አራት ሆነን የአንድ ቀን የጀብዱ ውድድር ተመዝግበናል። በእግር፣ በብስክሌትና በካያክ ጀልባ እየተጓዝን ካርታ ላይ የተመለከቱ ቦታዎችን ፈልገን ማግኘት አለብን። የተሰጠን ጊዜ በጠቅላላው 10 ሰዓት ነው። የቀረን ሰባት ሳምንት ነው። ችግሩ እኔ ነኝ። በእግር ብዙም አልከፋም። ብስክሌት ላይ ግን ዳገት ሲመጣ ሦስቱም ጥለውኝ ይሄዱና አናቱ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እኔ ስደርስ እነሱ ይነሳሉ። ወንድሜ ምንም አይለኝም፣ ሰዓቱን ግን ያያል። ባለፈው ልምምድ ጉልበቴ ከድቶኝ ሳለ ሲጠይቁኝ ደህና ነኝ ብዬ ዋሸሁ። አሁን የማስበው ውድድሩ ሳምንት ሲቀረው ታምሜአለሁ ብዬ ለመቅረት ነው። ከሴት እኔ ብቻ ነኝ። ካርታ የሚያነበው ደግሞ ወንድሜ ብቻ ነው። ልቅር ወይስ ልሂድ? ከሄድኩስ ምን ላድርግ?»
ወደኋላ የቀረችው

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛ የተመለስኩበት ለአንዲት ቃል ስል ነው፤ «ደህና ነኝ ብዬ ዋሸሁ» ላልሽው። ዳገቱ መላ አለው። ብስክሌቱም፣ የወንድምሽ ሰዓት ማየትም መላ አላቸው። ቡድንሽን የሚጎዳው ያቺ «ደህና ነኝ» ናት።

መልሴን ላስቀድምልሽ። ሂጂ። የሌለ በሽታ አታምጪ።

ለምን እንዲህ በድፍረት እንደምናገር ልንገርሽ። በመጀመሪያ ውድድሬ እኔም እንዳንቺው አድርጌአለሁ። የ12 ሰዓት ውድድር ነበር፣ እኛም አራት ነበርን፣ ከአራታችን ቀርፋፋዋ እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ሰዓት ገደማ ወንዝ ተሻገርንና እግሬ ራሰ። ትንሽ እንደሄድን ተረከዜ ላይ መቃጠል ጀመረኝ። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ቆም ብዬ፣ ካልሲዬን አውልቄ፣ እግሬን አድርቄ ፕላስተር ብለጥፍበት እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሦስቱ ጥሩ እየሄዱ ነው፣ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ስጠበቅ የዋልኩ ሰው ነኝ፣ በዚህ ላይ «ቁሙልኝ» ልበል? አፈርኩ። ዝም አልኩ። በሰባተኛው ሰዓት ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጥረው፣ ፈርጠው፣ ካልሲዬ ደም ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በሙሉ እያነከስኩ ሄድኩ፣ ሦስቱም በእኔ እርምጃ ሄዱ። ሁለት ቦታዎችን ትተን፣ ያም ሆኖ ከጊዜ ገደቡ 20 ደቂቃ አሳልፈን ገባን። አምበላችን አልተቆጣኝም። «ያኔ ብትነግሪን እኮ ሁለት ደቂቃ ነበር» ብቻ አለኝ።

ስለዚህ ይሉኝታን በሌላ ቦታ እንደፈለግሽ ያዢው። እዚህ ውድድር ውስጥ ግን ሰዓት ይበላል። ሁለት ደቂቃ ላለማስጠበቅ ብለሽ ሁለት ሰዓት ታስጠብቂያለሽ።

አንድ ነገር ልብ በዪ። ይህ ስፖርት ሲፈጠር ጀምሮ የቡድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ፈረንሳዊው ዤራር ፉዚል በኒውዚላንድ ያዘጋጀው ሬድ ጎልዋዝ የሚባለው የብዙ ቀን ውድድር አምስት አምስት ሰው ያላቸው ቡድኖችን ነበር የሚያሰልፈው፣ ከአምስቱም ቢያንስ አንዷ ሴት እንድትሆን ግድ ነበር። ዛሬም በዓለም ሻምፒዮናው ላይ የሚሰለፉት ወንድና ሴት የተቀላቀሉባቸው የአራት ሰው ቡድኖች ናቸው። የአንድ ቀኑም ውድድር ይህንኑ ወርሷል። የቡድን አባላት ተራርቀው መሄድ አይችሉም፤ ብዙ ደንቦች ላይ የሚፈቀደው ርቀት ከ50 እስከ 100 ሜትር ነው። ቦታው ላይ ደርሰሽ መድረሳችሁ የሚመዘገብበትን ካርድ ስታስመቺ አራታችሁም እዚያው መገኘት አለባችሁ። ሦስቱ ዳገቱ አናት ላይ ቀድመው ቢደርሱ ያተረፉት አንዲት ደቂቃ የለም። እንዲያውም እያላባቸው ቆመው ይቀዘቅዛሉ። ይህንን ወንድምሽም ማወቅ አለበት።

ስለመቅረቱ ደግሞ። ከሴት አንቺ ብቻ ከሆንሽ የተመዘገባችሁት በቅይጥ ምድብ ይመስለኛል። አንቺ ሳምንት ሲቀር ስትወጪ ሦስት ወንዶች ይቀራሉ፣ ምድባቸው ይቀየራል፣ ወይም ጭራሽ ደረጃ የማይሰጠው ቡድን ሆነው ይሮጣሉ። ደንቡን አንብቢው። በእውነት መውጣት ከፈለግሽ ዛሬ ንገሪያቸው፣ ሰው ለመፈለግ ሰባት ሳምንት አላቸው። በመጨረሻዋ ሳምንት በውሸት ሕመም መቅረት ግን ዘገምተኛ ከመሆን እጅግ የከፋ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ይህን ለስለስ አድርጌ የምልበት መንገድ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዳገቱ እንምጣ።

ላስቲክ የሚባል ነገር አለ። ልምድ ያላቸው ቡድኖች ቦርሳ ላይ አንጠልጥለውት ታያለሽ፣ ጀማሪዎች ግን ወይ አያውቁትም ወይ ያፍሩበታል። ጠንካራው ብስክሌተኛ ከመቀመጫው ሥር ባለው ብረት ላይ የሚለጠጥ ገመድ ያስራል፣ ሌላው ጫፍ የኋለኛው ሰው ብስክሌት ፊት ላይ ይገባል። ፊተኛው ሲገፋ ኋለኛው በቀስታ ይሳባል። ተራ ገመድ ከሆነ ሁለታችሁንም እየነጠቀ ይጥላችኋል፤ ላስቲክ ግን ንጥቂያውን ይውጠዋል። በእግር ስትሮጡም ከአንዱ ቦርሳ ወደ ሌላው ወገብ ይታሰራል። ጠንካራው ሰው ላይ የሚተርፍ ጉልበት አለ። አናት ላይ ቆሞ ሲጠብቅሽ ያ ጉልበት ለማንም ሳይጠቅም ይቀራል፣ በላስቲኩ ግን ወደ አንቺ ይመጣል። እየተጎተትሽ ዝም ብለሽ የምትቀመጪም እንዳይመስልሽ። አንቺም የምትችዪውን ትገፊያለሽ፣ ልዩነቱን ብቻ ነው እሱ የሚሸፍነው።

ጥንቃቄ አለው። መጀመሪያ የውድድሩ ደንብ መፍቀዱን አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ ያንቺ ጫፍ በአንድ እጅ በቅጽበት የሚላቀቅ መሆን አለበት፣ ቋጠሮ አይሆንም። ሦስተኛ፣ ቁልቁለት ላይ ፈጽሞ አትታሰሩ፤ አናቱ ሳይደርስ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ፍቱት። እሱም ፍሬን ሲይዝ፣ ጉድጓድ ሲያይ ጮክ ብሎ ይናገር፤ ካንቺ ፊት ያለውን መንገድ የሚያይልሽ እሱ ነው። በውድድሩ ቀን መጀመሪያ የምትሞክሩት ነገር አይደለም። ቢያንስ አራት አምስት ጊዜ ልምምድ ላይ ሞክሩት።

ላስቲክ በሌለበት ዳገት አንቺ ፊት ሁኚ። እርምጃውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፣ ሦስቱ ከኋላ ይከተሉሻል። መጀመሪያ ላይ ይከብድሻል፣ ከኋላ እየገፉሽ ያሉ ይመስልሻል። ግን የምትሄጂበት ፍጥነት እኩል ይሆናል፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ አናቱ ላይ ትደርሻለሽ፣ ሳትቆሙም ትቀጥላላችሁ። አሁን የምታደርጉት ግን እነሱ አርፈው አንቺ ሳታርፊ መነሳት ነው። በዚህ ዓይነት ስድስተኛው ዳገት ላይ ማንም ሰው ይወድቃል፣ ጠንካራም ቢሆን።

ቦርሳሽንም አራግፊ። እያንዳንዱ ሰው እንዲይዝ የሚገደደው ዕቃ አለ፦ ፊሽካ፣ የግንባር ባትሪ፣ ሙቀት የሚይዝ ብርማ የአደጋ ጊዜ ልብስ፣ ሌላም። እሱ ከአንቺ አይለይም። የጋራ የሆነውን ግን፣ የብስክሌት መጠገኛውን፣ ትርፍ ካላማዳሪውን፣ መንፊያውን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃውን ሌሎቹ ይከፋፈሉት። ሲደክምሽ ቦርሳሽን ራሱ ይውሰዱልሽ። ስጪ። አትከራከሪ።

ካያኩ ላይ አጭር ነገር ልበልሽ። ሁለት ሁለት ሰው በሚይዝ ጀልባ ከሆነ ሁለቱን ጠንካሮች አንድ ላይ አታስቀምጡ። ቢቀድሙ ቆመው ነው የሚጠብቁት። ጉልበቱን ለሁለቱ ጀልባዎች አካፍሉት። ጠንካራውና መቆጣጠር የሚችለው ከኋላ ይቀመጥ፣ አንቺ ከፊት ሆነሽ ወጥ በሆነ ምት ቅዘፊ፣ እሱ ያንቺን ምት ይከተላል። በክንድ ሳይሆን ወገብን እያዞሩ ነው የሚቀዘፈው፣ አለበለዚያ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትከሻሽ ያልቃል።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ከዳገቱ በላይ ያስደነገጠኝ ነገር አለ። ካርታ የሚያነበው ወንድምሽ ብቻ ነው አልሽኝ።

በእንዲህ ዓይነት ውድድር ቡድኖች ትልቁን ጊዜ የሚያጡት በመጥፋት ነው። አንድ የተሳሳተ መታጠፊያ ያንቺን የዳገት መዘግየት በሙሉ ይበልጣል። ደግሞ የደከመ ሰው ካርታ ላይ ማየት የፈለገውን ነው የሚያየው። ወንድምሽ ስምንተኛው ሰዓት ላይ፣ ተርቦ፣ ሦስት ሰው እየጠበቀው፣ «ይህ ሸለቆ ያ ነው» ቢል የሚያርመው የለም። ስለዚህ ሁለተኛዋ ካርታ አንባቢ አንቺ ሁኚ። ሰባት ሳምንት ውስጥ እግርሽ የሚያሻሽለው ትንሽ ነው። ካርታ ማንበብ ግን በሰባት ሳምንት በደንብ ይለመዳል።

ከእስኬሉ፣ ማለትም ካርታው መሬቱን ምን ያህል እንዳሳነሰው ከሚያሳየው ቁጥር ጀምሪ። 1:50,000 ከሆነ ካርታው ላይ 2 ሴንቲሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ 1:25,000 ከሆነ 4 ሴንቲሜትር ነው። የኮንቱር መስመሮች፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያያይዙት፣ ሲጠጋጉ ገደል ወይም ቀጥ ያለ ዳገት አለ ማለት ነው፣ ሲራራቁ ሜዳ ነው። ካርታውን ሁልጊዜ ወደ ሰሜን አዙረሽ ያዢ፣ ጽሑፉ ቢገለበጥም ግድ የለም፣ ከፊትሽ ያለው መሬት ካርታውም ላይ ከፊትሽ ይሁን። አውራ ጣትሽን ያላችሁበት ላይ አድርጊና ስትሄዱ አብራችሁ ትሂድ። ኮምፓሱን ከስልክና ከብስክሌት ብረት አርቂው፣ መርፌው ይሳሳታል። ጂፒኤስ በአብዛኛው የተከለከለ ነው፣ ስልክም ለአደጋ ብቻ ታሽጎ ነው የሚያዘው፤ ስለዚህ ልምምድሽንም ያለ ስልክ አድርጊው።

ከዚያ እርምጃ መቁጠር ልመጂ። 100 ሜትር ለኪና ቀኝ እግርሽ መሬት በነካ ቁጥር አንድ እያልሽ ተራመጂ። ብዙ ሰው ከ60 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይመጣል። ያንቺን ቁጥር እወቂው፣ በዳገት ላይም ለይተሽ ቁጠሪ፣ ይጨምራል። «መታጠፊያው 400 ሜትር ላይ ነው» ተብሎ 600 ከደረሳችሁ «አልፈነዋል» የምትይው አንቺ ነሽ። ጊዜ ለመገመት ደግሞ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያስቀመጠው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሪ። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ 600 ሜትር የሚወጣ ከሆነ 3 ሰዓት ማለት ነው። በልምምድ ላይ ከእናንተ ፍጥነት ጋር አስተያይታችሁ አስተካክሉት።

አንዲት የምወዳት ዘዴ አለች። የምትፈልጉት ድልድይ ወንዝ ላይ ነው እንበል፣ እናንተ ደግሞ መንገድ በሌለው ጫካ ውስጥ ናችሁ። ቀጥታ ወደ ድልድዩ ካነጣጠራችሁና ወንዙ ጋ ደርሳችሁ ድልድዩ ከሌለ፣ ወደ ግራ ነው ወይስ ወደ ቀኝ? አታውቁም። ስለዚህ ሆን ብላችሁ ወደ ግራው ጠጋ ብላችሁ ሂዱ። ወንዙን ስታገኙ ድልድዩ በቀኝ እንዳለ እርግጠኛ ናችሁ። ጥቂት ሜትር ይጨምራል፣ ጭንቀቱን ግን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል።

ከጠፋችሁ ደግሞ ቁሙ። «ትንሽ እንሂድ እስቲ» የሚለው ሐሳብ ነው ቡድን የሚያጠፋው። በእርግጠኝነት ወደምታውቁት የመጨረሻ ቦታ ተመለሱ።

ይህ ሁሉ ለምን ላንቺ ይጠቅማል? ብዙ የአንድ ቀን ውድድሮች ላይ መጀመሪያ የሚቆጠረው ያገኛችኋቸው ቦታዎች ብዛት ነው፣ ጊዜ የሚታየው እኩል ከሆናችሁ ነው። ግዴታ ያልሆኑ ቦታዎችም አሉ፣ ዘግይቶ መግባት ደግሞ ነጥብ ያስቀንሳል። ካርታው የሚሰጣችሁ ከመነሻው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ያኔ ከወንድምሽ ጋር ተቀምጣችሁ የትኛውን ነው የምንተወው፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ወደኋላ የምንመለሰው ብላችሁ ወስኑ፣ ካርታው ላይ ጻፉት። በደንብ የመረጠ ዘገምተኛ ቡድን የሚበር ግን የሚጠፋ ቡድንን ሲበልጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ምግብ ላይ እንዳትሸወዱ። ያ «ጉልበቴ ከዳኝ» ያልሽው አብዛኛውን ጊዜ የአቅም ማነስ ሳይሆን ረሃብ ነው። ሰውነት ያከማቸው ስኳር እንዲህ ባለ ሥራ ጥቂት ሰዓት ነው የሚቆየው። በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልግሻል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 27 ግራም ገደማ አለው፣ ከዚያ አስቢው። በየ30 ደቂቃው የሚጮህ ሰዓት አድርጉ፣ ሲጮህ አራታችሁም እየሄዳችሁ ትበላላችሁ፣ ራበኝ አልራበኝ የለም። ውሃ ሲጠማሽ ጠጪ፣ ግን ንጹሕ ውሃ ብቻ አብዝቶ መጋት በደም ውስጥ ያለውን ጨው አሳንሶ ሊያሳምም ይችላል፣ ስለዚህ ጨው ያለበት ነገር ቀላቅዪ። የምትበዪውን ልምምድ ላይ ሞክሪው።

ሥልጠናው ላይ ብዙ አልልም። በሳምንት አራት ቀን በቂ ነው፣ ሁለቱ ብስክሌት ይሁኑ፣ አንዱ ረጅም። ከብስክሌት ወርደሽ ወዲያው መሮጥን ልመጂ፣ መጀመሪያ እግርሽ እንጨት ይሆናል፣ ከዚያ ይለቅሻል። አራታችሁ አብራችሁ ቢያንስ ሁለት ጊዜ አምስት ስድስት ሰዓት ውጡ። የመጨረሻዎቹን አሥር ቀናት ቀንሺ። አዲስ ጫማ ለውድድሩ ቀን አይሆንም። እና ጎማ መቀየር ተማሪ፣ የተበጠሰ ካቴና መቀጠልንም፤ ከአራታችሁ አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር መኖር የለበትም።

ከአንዱ ስፖርት ወደ ሌላው የምትቀየሩበት ቦታ ላይ ደግሞ ቁጭ አትበሉ። እንዲህ ያለ ቦታ አራት አምስት ይኖራል፣ በየአንዱ አሥር ደቂቃ ከባከነ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ማን ምን እንደሚያደርግ አስቀድማችሁ ተከፋፈሉ። አንቺ ብስክሌት ላይ የምታጠፊውን እዚህ መልሰሽ ማግኘት ትችያለሽ፤ ፈጣን እጅ እንጂ ፈጣን እግር አይጠይቅም።

የቀረው ከባዱ ነው፣ ከወንድምሽ ጋር መነጋገር። በስልክ ጽሑፍ አይሆንም፣ አግኚው። መጀመሪያ ጠይቂው፦ «የምንሄደው ለመጨረስ ነው ወይስ ለደረጃ?» መልሱን ብቻሽን አትገምቺ። እሱ ደረጃ ከፈለገና አንቺ መጨረስ ከፈለግሽ፣ ይህ አሁን መታወቅ ያለበት እውነተኛ ልዩነት ነው፣ ያኔ ሰው መቀየርም ነውር የለውም። ግን እኔ እንደምጠረጥረው፣ ሰዓቱን የሚያየው ስለ ጊዜ ገደቡ ተጨንቆ ነው፣ አንቺም እሱም የማትናገሩትን እየገመታችሁ ነው። የዋሸሽበትንም ቀን ንገሪው። «ያን ቀን ደህና አልነበርኩም፣ አፍሬ ነው» በዪው። ይህንን ስትዪ ሌሎቹም የደበቁትን ያወጣሉ፤ እመኚኝ፣ ከሦስቱ አንዱ ጉልበቱን እያመመው ነው።

ከዚያ አንድ ስምምነት አድርጉ። በየሰዓቱ እያንዳንዱ ሰው ከ1 እስከ 10 ቁጥር ይጥራ፣ 10 ማለት ትኩስ ነኝ፣ 1 ማለት መቆም አለብኝ። ማንም አያስተባብልም፣ ማንም አያጽናናም። ከ5 በታች የጠራ ሰው ቦርሳው ይወሰዳል፣ ይበላል፣ ላስቲክ ላይ ይገባል። ቁጥር መጥራት «ደክሞኛል» ከማለት ይቀላል። አንቺ 4 ባልሽበት ሰዓት ወንድምሽ 3 ሲል ትሰሚ ይሆናል፣ ያኔ ካርታውን ትቀበዪዋለሽ።

እውነተኛ ጉዳት ከሆነ፣ ማለትም እግር መርገጥ ካቃተ፣ ማዞርና ግራ መጋባት ከመጣ፣ ብርድ ገብቶ መንቀጥቀጥ ካልቆመ፣ ቁጥርም ላስቲክም የለም። ውድድሩ እዚያው ያበቃል፣ እርዳታ ይጠራል። ይህንንም ከመነሻው በፊት ተስማሙበት።

ቀጣዩ የቡድን ልምምዳችሁ ላይ ላስቲኩን ይዘሽ ውጪ። የመጀመሪያው ዳገት ሥር ስትደርሱ፣ ሳይደክምሽ፣ «እሰሩኝ» በዪያቸው።